የጤና ቃል በየትኛው ፊደል ይድረስ?

በጅግጅጋ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ ሦስት ዓይነት ፊደል ሲያነብ ሊገኝ ይችላል። አያት በልጅነታቸው በቁርኣን ትምህርት ቤት በእንጨት ሎሕ ላይ የለዩት የዐረብኛውን ፊደል ነው። አባት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቆጠሩት የግእዙን ነው። ልጅ ደግሞ ሶማሊኛን በትምህርት ቤት የተማረችው በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ቤት ሕፃን ቢታመምና ስለ ኩፍኝ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ቢገኝ፣ ማን ያነበዋል? እናት ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱንም የመማር ዕድል አላገኘችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኑን የምታስታምመው ግን እርሷ ናት።

የወጣቶች ክፍሎች «ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እንክፈት፤ የጤና መጻሕፍትም ይኑሩበት» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን እናንተ መደርደሪያውን ከማሠራታችሁ በፊት፣ የጤና እውቀት ወደዚህ አገር ሕዝብ በምን መንገድ እንደ ደረሰ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

ሶማሊኛ ቋሚ ፊደል ሳይኖረው እንኳ መዝገብ ነበረው። የታላላቅ ገጣሚዎችን ቃል በአእምሯቸው ይዘው ከሰፈር ሰፈር የሚያደርሱ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ግጥሙን ከማሰማታቸው በፊት «የእገሌ ነው» ብለው የባለቤቱን ስም ይጠሩ ነበር፤ ቃሉን መለወጥም ነውር ነበር። እኛ ዛሬ «ምንጩ ማን ነው?» የምንለው ጥያቄ በዚያ ባህል ውስጥ ከመጽሐፍ በፊት ነበረ ማለት ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ሬዲዮ ሐርጌሳ፣ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል ሥራ ሲጀምሩ፣ ወሬን በጆሮ ተቀብሎ በጥንቃቄ ማስተላለፍ የለመደ አድማጭ ጠበቃቸው። ሬዲዮ በሻይ ቤት የሚሰማ ቤተ መጻሕፍት ሆነ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ፈተና ፈንጣጣ ነበር። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተገኙ፤ ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ ሕመምተኛ ከተመዘገበባቸው አንዷ አገራችን ነበረች። የኛ አገሩ ዓይነት ከሕንዱ ይልቅ ቀለል ያለ ስለ ነበር፣ የሚሞተው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነበር። ይህም ሥራውን አከበደው። ብዙ የማይገድል በሽታ ብዙ አያስፈራምና፣ ሰው ክትባቱን ለመቀበል አይቸኩልም።

ሠራተኞቹ የኢትዮጵያ ሳኒታሪያኖችና ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከኦስትሪያ የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በእጃቸው ከያዙት ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ መርፌው ሳይሆን ካርዱ ነው። የፈንጣጣ ሕመምተኛ ፊት የሚታይበት አንድ ሥዕል ነበር። በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በውኃ ጉድጓድ ዳር እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የዐረብኛም ሆነ የግእዝ አንባቢ፣ ጨርሶ ያልተማረውም፣ ካርዱን እኩል ያነበዋል። የአርብቶ አደሩ ልማድም ረዳቸው። በመንገድ የተገናኙ ሶማሌዎች ሰላምታቸው የሚያልቀው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ በሽታው ወሬ ከተለዋወጡ በኋላ ነውና። ከባዱ ነገር ስም ነበር፤ ሶማሊኛው ፉሩቅ የሚለውን ፈንጣጣ ከጉድፍ መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳ ሁልጊዜ ቀላል አልነበረም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ የተገኘችው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ እጅግ ርቆ፣ በኤል ከሬ በኩል ዲሞ በምትባል መንደር። በሽታው ግን ድንበር አያውቅምና በሶማሊያ ቀጠለ። በዚህ መካከል በ1969 ክረምት ጦርነቱ መጣ። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በየካቲት መጨረሻ ተመለሰች። ከተማዋ በጦርነት ላይ ሳለች በጥቅምት 1970 በሶማሊያ መርካ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አሊ ማኦ ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ታመመ። ሁለት ሕመምተኛ ሕፃናትን ለጫነ መኪና ለጥቂት ደቂቃ መንገድ አሳይቶ ነበር። ሐኪም ቤት ውስጥ እየሠራ ክትባቱን የሸሸው መርፌውን ፈርቶ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፣ ቀጥሎም ጉድፍ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተሰደደ። በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ! እውቀቱ በአጠገብ መኖሩና ወደ ሰው ልብ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሊ ዳነ፤ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰውም እርሱ ሆነ። ከዓመታት በኋላ የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኛ ሆኖ፣ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ፖሊዮ በሶማሊያ፣ በኬንያና በእኛው ሶማሌ ክልል ዳግም በተነሣ ጊዜ፣ በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ በወባ ሞተ።

ወደ ፊደሉ ነገር ልመለስ። ሶማሊያ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል ለሶማሊኛ ይፋ አደረገች፤ በ1966 መጨረሻም ትምህርት ቤቶችን ዘግታ ተማሪዎችንና መምህራንን በሺዎች ወደ ገጠር ላከች። በኛ በኩል በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ሁሉም የሚጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር፤ ሶማሊኛም ጭምር። ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ቋንቋ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ በሁለት ፊደል ተጻፈ። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ የሸሹት ሰዎች ሐርተሼክ ሲሰፍሩ፣ መጠለያው ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ እስኪሆን ድረስ ሲሞላ፣ ከነርሱ መካከል የተማሩት የሚያነቡት በላቲን ነበር። ከ1983 በኋላ የክልሉ ትምህርት ቤቶችም በላቲን ማስተማር ያዙ። በግእዝ የቆጠሩት አባት በገዛ ቋንቋቸው እንግዳ ሆኑ። የሕክምና ተማሪው በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያጠናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ የተማረውን ለአያቱ ለመንገር በመጀመሪያ ራሱ አስተርጓሚ መሆን አለበት።

መጽሐፍ ወደ አርብቶ አደሩ ሊሄድ እንደሚችል የታየው በግመል ነው። ኬንያ በጋሪሳ በኩል የግመል ቤተ መጻሕፍት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነበር። በሶማሌ ክልልም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት በእንጨት ሣጥን የታሸጉ እስከ 200 የሚደርሱ የልጆች መጻሕፍትን በግመል ጀርባ ወደ መንደሮች ያደርስ ጀመር። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለእነዚያ ልጆች ያልተዘጋው የንባብ በር ይኸው ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ተረቶች ናቸው እንጂ የሕክምና መጻሕፍት አይደሉም። ሆኖም በተረት ማንበብን የለመደች ልጅ፣ ነገ በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ለእናቷ ታነብላታለች። በብዙ ቀበሌ ስለ ጤና ለሕዝብ የተለጠፈው ጽሑፍ ይኸው የግድግዳ ወረቀት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ ስለምትሰበስቡት መጽሐፍ። ሰው ቤቱን ሲያጸዳ የሚሰጣችሁ አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ይኖራል፤ ሽፋኑ ያማረ፣ ወረቀቱ ደኅና የሆነ። ለወባ ክሎሮኪን ዋጡ የሚል ከሆነ ተጠንቀቁ። አደገኛው የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ያንን መድኃኒት መቋቋም ስለ ጀመረ ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሌላ መድኃኒት ተካች፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኮአርተም ተሻገረች። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን አልዋሸም። ዛሬ ግን በዚያ ቃል የታመነ ቤተሰብ ሕክምናውን ያዘገያል፤ በወባ አንድ ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከመደርደራችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አሳዩአት። እርሷ «ይህ አልፎበታል» ካለች ከመደርደሪያው ይውረድ። «ይህ ደኅና ነው» ካለች ደግሞ፣ በመካከላችሁ ሶማሊኛ አጥርቶ የሚናገር ማን እንደ ሆነና ቅዳሜ ከሰዓት ለጎረቤት እናቶች ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው እርሱ ይሁን እርሷ ተነጋገሩበት።