የማን ቧንቧ ነው?

ባለፈው መስከረም ቤተሰቤ ቀበና አካባቢ ካለ አንድ አሮጌ ቤት ገባ። “አዲስ ቤት ገባን” እያልን ለዘመድ ወዳጅ እናውራ እንጂ ቤቱስ ከአባባ በዕድሜ ይበልጣል፤ አዲሶቹ እኛ ነን። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲታጨድ የግቢው መሬት ጉዱን ገለጠ። ከበሩ አጠገብ የሻይ ሰሃን የሚያህል የብረት ክዳን አለ። ከኩሽናው ጀርባ ሁለት የብረት ጆሮ ያለው አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ክዳን አለ። ከኮኩ ዛፍ ሥር እንደ ከዘራ አንገቱን የቆለመመ ቱቦ ቆሟል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ የዛገ ቀጭን ቧንቧ ብቅ ብሎ ተመልሶ መሬት ይገባል።

ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ስለ ጣሪያው፥ ስለ ወለሉ፥ ስለ ግብሩ ሁሉ ነግረውናል። ስለነዚህ ግን ትንፍሽ አላሉም። ምናልባት እነሱም አያውቁ ይሆናል።

ግምት ግን ሞልቷል። ሣሩን ያጨደው ጎረምሳ “ጣሊያን የቀበረው ወርቅ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሩ” አለ። አጎቴ “የለም፥ ምሽግ ነው” አለ። ታናሽ ወንድሜ እስከ ቤተ መንግሥት የሚያደርስ ዋሻ መሆኑን ለሰፈሩ ልጆች አውጇል። አባባ ወርቅም ምሽግም አላማረውም። እሱ የፈለገው ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት መሥራት ነው፤ የሲሚንቶው ክዳን ያለው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ነው። “አንድ መኪና ገረጋንቲ ደፍተን እንደልድለው” አለና ወደ እኔ ዞሮ፥ “አንተ የታሪክ ተማሪ አይደለህ እንዴ? እስቲ ምን እንደሆነ ንገረን” አለኝ።

ነገሩ ሽሙጥ ነበር። እኔ ግን የምሬን ያዝኩት።

ቧንቧ እንደ ብራና የሚነበብ ነገር አለው። መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ይታያል፤ ቀጥሎ ስፋቱ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወዴት እንደሚያዘነብል። ንጹሕ ውሃ የሚያመጣ ቧንቧ ቀጭን ነው፤ ውሃው ተገፍቶ ስለሚመጣ ዳገትም ይወጣል። ፍሳሽ የሚወስድ ቱቦ ግን ሰፊ ነው፤ የሚገፋው ስለሌለ ቁልቁለት ካላገኘ አይሄድም። ይህን የያዘ ሰው ከመልሱ ግማሹን አግኝቷል ማለት ነው።

የዛገው ቀጭን ቧንቧ ከመንገዱ በኩል ይነሳና በግቢያችን አልፎ፥ ዳገቱን ይዞ ከኛ በላይ ወዳሉት ጎረቤት ይወጣል። በድንጋይ ሲመቱት ባዶውን ይጮሃል። ዳገት ከወጣ የንጹሕ ውሃ ቧንቧ መሆን አለበት። ይህ ዛሬ ለማንኛችንም ግልጽ ነው። ድሮ ግን ውሃ ዳገት ይወጣል ብሎ ማን ያምን ነበር?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ወንዝና ምንጭ አላጣችም። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ያወረዳቸውም ፍል ውሃው ነው። ከተማዋ ያጣችው ውሃውን ከወንዝ ወደ ቤት የሚያደርሰውን ነው። ያን ሥራ የሚሠራው የሴቶችና የአገልጋዮች ጀርባ ነበር፤ ዕቃውም እንስራ። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ግን የዳግማዊ ምኒልክ መሐንዲስ የነበረው የስዊስ ሰው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ የምንጭ ውሃ በቧንቧ ወደ ግቢ አስገባ። ችግሩ ግቢው ያለው ኮረብታ ላይ መሆኑ ነው። ውሃው ከተራራው ወርዶ፥ ሸለቆ ተሻግሮ፥ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ብዙ የቤተ መንግሥት ሰዎች ይህ ይሆናል ብለው አላመኑም። ኢልግ የያዘው ምሥጢር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እንጦጦ ከግቢው ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ የተነሳበትን ከፍታ አይረሳም፤ ሸለቆ ቢወርድ እንኳ ከምንጩ ዝቅ እስካለ ድረስ በሌላው ወገን ተመልሶ ይወጣል። ውሃው በመጣ ጊዜ የዘመኑ ሰው እንደ ተአምር አየው፤ ባለቅኔዎችም ሳይገጥሙለት አላለፉም።

ይሁንና ያ ቧንቧ የደረሰው ግቢ ነው። ከግቢው ግርጌ ያለው ሰው እንስራውን አላወረደም። ከተማው በሰፋ ቁጥር ውሃው ከሩቅ መምጣት ነበረበት፤ በምዕራብ በኩል የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ተሠራ፤ በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ጀመረ፤ የድሬ ግድብና የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ግድብ ሲጨመር አዳዲስ ቧንቧ ተዘረጋ፥ አሮጌው ተቆረጠ፤ የተቆረጠውን ግን ማንም ቆፍሮ አያወጣውም። እዚያው ይቀራል። ለብዙው ሕዝብ ደግሞ ቧንቧ ማለት ለረጅም ዘመን ቦኖ ነበር፤ ሰልፍ፥ ባልዲ፥ ሳንቲም።

እንግዲህ የኛው ቧንቧ የማን ነበር? የጥንት ሮማውያን ለዚህ ጥያቄ መልስ አላቸው። የእርሳስ ቧንቧቸው ላይ የንጉሡን፥ የባለቤቱን ወይም የሠሪውን ስም ይቀርጹ ነበር። ዛሬ የፈረሰ ቤት የሚቆፍሩ ሊቃውንት እዚያ ማን ይኖር እንደነበር የሚያውቁት አንዳንዴ በዚሁ ጽሕፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ97 ዓ.ም. የሮማ የውሃ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጽፏል፤ በየመንገዱ ሥር በድብቅ የተቀበሩ፥ ከመንግሥት መስመር በስርቆት ውሃ የሚቀዱ ቧንቧዎች አግኝቶ ነቅሏል፤ የወጣውም እርሳስ ቀላል አልነበረም። የውሃ ሌብነት ለካ የዛሬ ነገር አይደለም!

የኛ ቧንቧ ላይ ግን ስም የለም። ስሙን የሚነግሩን ከኛ በላይ ያሉት ጎረቤት ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው፥ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው። ቡና ጠርተውን ሄድንና ስለ ቧንቧው ጠየቅኋቸው። ስኒውን አስቀመጡና ሳቁ።

“እሱማ ቦኗችን ነበር እኮ ልጄ! ይሄ ያንተ ቤትና የኔ ቤት ድሮ አንድ ግቢ ነው። ጌታው እናንተ ያላችሁበት፥ እኛ ተከራዮቹ ከላይ። ሴትዮዋ ማታ ማታ ትከፍትልናለች። እሱ ከመምጣቱ በፊት እኔ ከቀበና ወንዝ ስንት እንስራ ተሸክሜያለሁ! ይሄው ወገቤ ምስክር ነው።”

ሌላው ታሪክ በየሰፈሩ የሚታወቅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ። የእማማ ክፍል የቀበሌ ቤት ሆነች። በኋላም በመካከል አጥር ቆመ። አዋጁ ከመሬት በላይ ያለውን ለየ፤ ከመሬት በታች ያለው ግን እንደተያያዘ ቀረ። ቧንቧው በግቢያችን እያለፈ እማማን ሲያጠጣ ኖሮ፥ በላይኛው መንገድ አዲስ መስመር ሲመጣ ተቆረጠ። ከበራችን አጠገብ ያለችው የብረት ክዳንም የዚያው መስመር መዝጊያ ነበረች። “ሴትዮዋ የምትዘጋው እዚያ ላይ ነው፤ ስትናደድ ትዘጋብናለች” አሉ እማማ፤ ሳቃቸው ግን ቆሞ ነበር።

የሲሚንቶው ክዳን ቀረ። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንዲህ ያለ ክዳን ስታገኝ አትቁምበት፥ ጎንበስ ብለህም አትግባበት። ያረጀ ሲሚንቶ ውስጡ ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ጠንካራ መስሎ ሰው ይዞ ይገባል። ከሥሩ ያለው አየር ደግሞ ከመውደቁም የከፋ ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ የሚያወጣው ጋዝ በአንድ ሁለት ትንፋሽ ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ሰውም እዚያው ይቀራል። እኛም ሥራውን የሚያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ክዳኑን በብረት ፈንቅሎ ወደ ጎን ገፋው፤ ሁላችንንም አርቆ፥ አየር እንዲገባው ረጅም ሰዓት ክፍት አስቀመጠው። ታናሽ ወንድሜ ወርቁን ይጠባበቃል።

የወጣው ሽታ ወርቅን አይመስልም። ሠራተኛው በባትሪ እያበራ አሳየን፤ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፥ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ በመካከል የቀረው ውሃ ወደ ሁለተኛው ያልፍና ከዚያ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ሄዶ መሬት ይጠጣዋል። ሴፕቲክ ታንክ የምንለው ይህ ነው። የኮኩ ዛፍ ሥር ያለው ቆልማማ ቱቦም ጋዙ የሚወጣበት ነው፤ ዝናብ እንዳይገባበት ነው አንገቱን የደፋው። ዛፉ ለምን እንደዚያ ሲያፈራ እንደኖረም ገባን።

ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ግን ሁለት ሰፋፊ ቱቦዎች አፋቸውን ከፍተው ነበር። አንዱ ከኛ ቤት ይመጣል። ሁለተኛውስ? ሠራተኛው አቅጣጫውን አየና ወደ አጥሩ ጠቆመ። ወንድሜን ወደ እማማ ላክነው፤ መጸዳጃ ቤታቸው ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲደፋ። ዝም ብለን አዳመጥን። ጥቂት ቆይቶ ከመሬት ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ከሁለተኛው ቱቦ አፍ ውሃው ግልብጥ ብሎ ወረደ።

አባባ ረጅም ጊዜ አልተናገረም። ያቺ አንድ መኪና ገረጋንቲ ተደፍታ ቢሆን ኖሮ የእማማ ፍሳሽ መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ቤታቸውን ይሞላው ነበር። እሳቸው ደግሞ ምክንያቱን አያውቁትም፤ እኛም አናውቀውም። ምናልባት አንድ ክረምት ሙሉ ጎረቤትና ጎረቤት ስንካሰስ እንከርም ነበር። ወይም ደግሞ ቤቱን ከላዩ ሠርተን፥ ልጅ አስተኝተንበት አንድ ሌሊት ይደረመስ ይሆናል።

በከተማችን የፍሳሽ መስመር ነገር ከንጹሕ ውሃው ይልቅ ዘግይቶ የመጣ ነው። የቃሊቲው ማጣሪያ የተሠራው በ1970ዎቹ ነው፤ ውሃ በቧንቧ ግቢ ከገባ ከሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ማጣሪያው ከተሠራ በኋላም መስመሩ ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው፤ በየግቢው ጉድጓድና በሽንት ቤት መጣጭ መኪና ይኖራል። ውሃ ማስገባት ለሹም ያስመሰግናል፤ ማስወጣቱን ግን ማንም አይገጥምለትም። ስለዚህም ሰው እንደ አቅሙ ቆፈረ፥ ከደነ፥ ረሳ።

ሰርቪስ ቤቱ ወደ በሩ በኩል እንዲሠራ ተወስኗል፤ አንድ ክፍል ብቻ፥ ቦታው ስለማይበቃ። አባባ አሁንም ይቆጨዋል። የመኪናው ክፍያ ነገርም ገና አላለቀም። እማማ “እኔም እካፈላለሁ” ብለው ከጡረታቸው አንድ መቶ ብር ቋጥረው ይዘው መጡ፤ እማዬ አልቀበልም አለች፤ እሳቸው ተቀየሙ። አባባ ደግሞ ማታ ላይ “ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ጉድጓዱ የማን ነው?” ይላል። እኔም መልስ የለኝም። አንድ ሰው የቆፈረውን፥ አዋጅ የከፈለውን፥ ሁለት ቤት የሚጠቀምበትን ነገር የማን እንደሆነ በምን ቋንቋ እንበል?

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ሠርቻለሁ። የግቢውን ንድፍ በወረቀት ላይ አነሳሁ፤ ክዳኖቹን፥ ቱቦዎቹን፥ የሞተውን ቧንቧ ጭምር፥ ከቤቱ ማዕዘን ስንት እርምጃ እንደሚርቁ እየለካሁ። አንዱን ከበሩ ጀርባ ለጠፍን፤ ሌላውን ለእማማ ሰጠኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ በጣታቸው መስመሩን ከኛ ግቢ ወደ እሳቸው ቤት ተከትለው ሄዱና፥ “ይቺ ናት ሴትዮዋ የምትዘጋት” አሉ፤ የበሩን ክዳን ነክተው።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም ግቢህ ውስጥ እንዲህ ያለ ክዳን ካለ፥ ከመድፋትህ በፊት የሰፈርህን ሽማግሌ ጠይቅ። በመጻሕፍት ቤታችን ያልተጻፈውን ያውቃሉ። ዛሬ ነገ እያልህ ግን አትቆይ።