ጓያና የብርሃን ሚዛን

ከአጅባር በስተሰሜን፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ የደላንታ አምባ ይገኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዚያ አገር ድርቅ ገብቶ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ ጓያ ግን ድርቁን ችሎ ተገኘ። ሕዝቡም እርሱን ዋና ምግቡ አደረገው፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው ተሳስሮ ቀረ። አገሬው «ጓያ ሰበረው» የሚለው ይህ ደዌ አንድ ጊዜ ከያዘ አይድንም። የጓያ መርዝ እንዴት ሊለካ እንደ ቻለና ልኬቱ ስለ ምግቡ ደኅንነት ምን ያህል እንደሚነግረን ከዚህ ቀጥለን እንመረምራለን።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕግ ከልኬት ቀድሟል። ጓያ ሰውን እንደሚጎዳ በልምድ የታወቀ ስለ ነበረ፣ በህንድ በ1961 ሽያጩ በብዙ ክፍላተ ሀገር ተከለከለ። የህንድ ኬሚስቶች «ኦዳፕ» በሚል አሕጽሮት የሚጠራውን መርዛም አሚኖ አሲድ ከዘሩ ለይተው ያወጡት ግን በ1964 ነው። እንግዲህ ክልከላው ሲታወጅ፣ ይህኛው ዘር ብዙ መርዝ አለው፣ ያኛው ጥቂት ነው ብሎ ለመፍረድ የሚያስችል መለኪያ አልነበረም።

ኦዳፕ ቀለም ስለሌለው የሚታየው ብርሃን ሳይነካው ያልፋል። ይህን ችግር ያቃለለው ኤስ. ኤል. ኤን. ራኦ በ1978 ያወጡት ዘዴ ነው። ከጓያው ዱቄት በአልኮልና በውኃ የወጣው ፈሳሽ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ኦዳፕ ይፈርሳል። ከፍራሹ የሚገኘው አሚኖ አሲድ ኦ-ፍታልአልዴሃይድ ከሚባለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ቢጫው 420 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይመጣል፤ የተመጠጠው ብርሃን በበዛ መጠን መርዙም የበዛ ነው። በዚህ መንገድ የዘር መራጮች ብዙ ዓይነት ጓያ ሊመዝኑ ቻሉ፤ ከ0.2 በመቶ በታች የሚለውም የደኅንነት ወሰን በብዙ ጽሑፎች የሚጠቀስ ሆነ።

ሆኖም ይህ ሚዛን የማይለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ኦዳፕ ቤታና አልፋ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ይበልጥ መርዛሙ ቤታው ሲሆን፣ ጓያ በእሳት ሲበስል ከፊሉ ወደ አልፋ ይለወጣል። ሁለቱም ሲፈርሱ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ ስለሚሆኑ መሣሪያው ደምሮ ይቈጥራቸዋል። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ የሚመዝነው ዘሩን እንጂ ማዕዱን አይደለም። ሃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ አጥንተው በ2003 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ጓያን ቆልቶ፣ ቀቅሎ ወይም በእሸትነቱ መብላት አደጋውን እንደሚያበዛ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ወይም ቅመም በገባበት ወጥ መብላት ግን እንደሚቀንሰው ገልጸዋል።

ስለዚህ አንድ ዘር 0.2 በመቶ ኦዳፕ አለው መባሉ ብቻ ደኅና ነው ለማለት አይበቃም፤ የሚበላው ሰው ሌላ ምን እንደሚበላም መታወቅ አለበት። ክልከላም ቢሆን በድርቅ ጊዜ ከገበሬው የመጨረሻውን እህል የሚነጥቅ እንጂ ሌላ የሚተካለት አይደለም። እኛ እንደምናስበው፣ ለደጋው ሕዝብ መርዙ የቀነሰ ዘር ከመስጠት ጋር፣ ዝናብ በቀረ ዓመት ከጓያው ጋር የሚቀላቀል ስንዴና ገብስ ሰው ከመሰበሩ በፊት ማድረስ ያስፈልጋል።