ከስደት በፊት ቤት መሸጥ፤ ከቀብድ እስከ ውክልና

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነባር መኖሪያ ሰፈሮች ከሚበዙባቸው የአዲስ አበባ ክፍሎች አንዱ ነው። በሽሮ ሜዳ መንገድ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የዲቪ ዕጣ የደረሳቸውና ቤተሰብ የጠራቸው አመልካቾች ለቃለ መጠይቅ የሚቀርቡት እዚያው ነው። ቤቱን ሸጦ ለመሄድ ያሰበ ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ የጉዞው ጊዜ የተቆረጠ ሲሆን የቤት ገበያው ግን አይታወቅም። ገዥ የሻጩን ጥድፊያ ካወቀ ደግሞ ዋጋ ይሰብራል።

ቀብድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተዋዋዮች በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚተው ወገን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። 500 ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሰው ቪዛ ተከልክሎ ቤቱን ላለመሸጥ ቢወስን 1 ሚሊዮን ብር ይጠየቃል ማለት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አመልካቾች ቪዛው በእጃቸው ሳይገባ ቤት እንዳይሸጡ፣ ሥራም እንዳይለቁ ይመክራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የዲቪን ጨምሮ በርካታ የስደተኛ ቪዛዎች ታግደው ነበር።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። የቀበሌ ቤት የመንግሥት በመሆኑ ተከራዩ ምንም ያህል ዘመን ቢኖርበት ሊሸጠው አይችልም። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ሲሸጥ ደግሞ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ይዞታው በገዥው ስም ወደ ሊዝ ይለወጣል፤ አስተዋይ ገዥም ይህን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቦ ይቀንሳል።

ውልና ክፍያ

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መመዝገብ አለበት። የጋራ ሀብት ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ሊስማሙ ይገባል፤ ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

የክፍያው ጊዜም ከዋጋው ያላነሰ ትርጉም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀን በፊት ቤቱን ሸጦ ቀሪውን ገንዘብ በየጊዜው ለመቀበል የተስማማ ስደተኛ፣ በውሉ የተጻፈው ብር ሳይጎድል በሚሄድበት ሀገር የሚገዛው ግን ወደ ግማሽ ተጠግቷል።

ሳይሸጡ መሄድ

መሸጥ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ለሚታመን ሰው ውክልና ሰጥቶ መሄድና ገበያውን መጠበቅ ይቻላል። ሆኖም ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ሥልጣኑ ትልቅ በመሆኑም ተወካዩን መምረጥ ትልቁ ጥንቃቄ ነው። ቤቱን ማከራየት የሚሻ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንደሚደረግ ማወቅ ይጠቅመዋል።

የሌላ ሀገር ዜግነት የሚወስድ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሲይዝ ግን በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ክልከላ አይመለከተውም። ስለዚህ ቤቱን ይዞ መቆየት ለሚችል ሰው ጥድፊያው አያስፈልግም፤ መሸጥ ግድ ለሆነበት ግን ቅደም ተከተሉ ቪዛ፣ ቀጥሎ ቀብድ፣ ከዚያም ሙሉ ክፍያና የስም ዝውውር ነው።