በእግሯ እምቢ ያለች

ከሳር ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ግቢያቸው ሰፊ፣ አጥራቸው ከፍ ያለ ቪላዎች የበዙበት ነው። በብዙዎቹ ግቢዎች ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ቤት አለ፤ ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና የሠራተኛዋ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበት። የሠራተኛዋ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አልጋ በላይ አትይዝም፤ ልብሷ በሻንጣ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ይገባል። እንዲህ ባሉ ክፍሎች ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሌላም አገር ቤት የመጡ ወጣት ሴቶች ያድራሉ። ምን አመጣሽ ሲባሉ አንዷ ሥራ ፍለጋ፣ ሌላዋ ትምህርት ፍለጋ ትላለች። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ “ሊድሩኝ ሲሉ ጠፍቼ” ይላሉ።

መጥፋት አዲስ ዘዴ አይደለም። ሴት ልጅ በገላዋ፣ በትዳሯና በወሊዷ ላይ ሌሎች የወሰኑትን የምትቃወምበት ሸንጎም ዳኛም ባልነበራት ዘመን እግር ነበራት። የኢትዮጵያ ሴቶች የመብት ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአዋጅና ከማህበር ነው። ከአዋጁ በፊት ግን በሌሊት ከቤት ወጥተው የሄዱ ሴቶች ነበሩ፤ ሕጉም ዘግይቶ የተከተለው የእነሱን ዱካ ነው።

ሰፈሩ ስሙን የወሰደበት ቤተ ክርስቲያን የሚያከብረው ታሪክ ራሱ የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ ነው። መልአኩ ለማርያም ሲያበሥራት እሷ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ጠይቃ፣ መልስ አግኝታ፣ ከዚያ በኋላ ፈቃዷን ሰጠች። በየገጠሩ ለስንትና ስንት ሴት ልጅ ግን ማንም ምንም ሳይጠይቃት ጠላው ተጠምቋል፣ ዳሱ ተጥሏል።

ከሄዱት መካከል ታሪካቸው በጽሑፍ ከቆየልን ሴቶች አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች፤ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስም ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ ወዲህ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ፤ ባሏ ግን አልፈቀደላትም። ስለዚህ ከመነኮሳት ጋር ተማክራ ከቤት ወጣችና ወደ ጣና አካባቢ ሸሸች። መልክዐ ክርስቶስ ጦር አስከትሎ ፍለጋ ወጣ፤ ተጠግታበታለች የተባለውንም ከተማ ወታደሮቹ አጠፉት። በእሷ ሰበብ ሕዝቡ መከራ ማየቱ ከብዷት ወደ ባሏ ተመለሰች።

ብትመለስም ሐሳቧን አልለወጠችም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ስምዖን እ.ኤ.አ. በ1617 በተገደሉበት ጦርነት የባሏ እጅ እንዳለበት ስታውቅ መኝታ ለየች፣ ጌጧን ተወች። ከዚያም ለሁለተኛ ጊዜ ወጥታ ጠጉሯን ተላጨች፤ መነኮሰችም። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጅ በግልጽ ተቃወመች፤ ንጉሡ ፊት ቆመች፣ ተጋዘች፣ በጣና ዙሪያም ወንድና ሴት ተከታዮቿን የያዙ የገዳም ማኅበራትን መሠረተች። የልብ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስም እንደሷው ባሏን ትታ የወጣች ሴት ነበረች። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 አረፈች፤ ገድሏ በ1672 ተጻፈ። መጽሐፉ የተጻፈው ለቅድስናዋ መታሰቢያ ነው። ዛሬ የሚያነበው ሰው ግን አንድ ባል ሚስቱን ለመመለስ ከተማ እስከ ማጥፋት ሲደርስም ያያል።

የመኳንንት ልጅ ገዳም መግባት ትችል ነበር። የገበሬ ልጅስ?

በአማራ ገጠር ጋብቻ የሁለት ቤተሰብ ውል ነበር። መሬት ከመሬት፣ ዘመድ ከዘመድ ይተሳሰርበታል፤ አባት የበላውን ድግስ የሚመልስበት፣ ሳይሞት የልጁን ወግ የሚያይበትም ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ሙሽራዪቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቷ ሊሆን ይችላል። ገና ሳይወለዱ ቃል የተገባባቸው ልጆች ነበሩ። “ማደጎ” በሚባለው ልማድ ደግሞ ልጅቷ በጨቅላነቷ አማቶቿ ቤት ገብታ፣ እዚያው እየታዘዘች ታድጋለች። እስክትጠና ድረስ ባሏ እንዳይደርስባት በሽማግሌ ፊት ቃል ይገባል። ቃሉ ሲፈርስ ግን ከሳሽ የለም። ወላጆችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው “ቆማ ቀረች” የሚለው የሰው አፍ ነበር፤ የልጅቷ ገላ የቤተሰቡ ክብር መያዣ ሆኖ ይጠበቅ ነበርና።

ይሁን እንጂ ይኸው ልማድ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ፍቺ። በአማራ ባህል በሰማንያ የተጋባች ሴት መፍታትና ድርሻዋን መካፈል ትችላለች፤ ርስትም ከእናት ከአባቷ ትወርሳለች። በልጅነቷ የተዳረች ደጋግማ እየኮበለለች ወደ ወላጆቿ ትመጣለች፤ ይመልሷታል፤ ደግማ ትመጣለች። ሲሰለቻቸው ፍቺው ይጸናል። ያን ጊዜ “ፈት” ተብላ ከልጃገረድ ወግ ትወጣለች፤ ቀጣዩን ባሏን ግን ራሷ የመምረጥ ዕድል ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1990 በተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ትንታኔዎች በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ያለ ዕድሜ መዳርም አንዱ ምክንያት እንደሆነ አሳይተዋል።

ወደ ወላጅ መመለስ ያልቻለችው ወደ ከተማ ሄደች። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው፣ በሰው ቤት እንጀራ ጋግረው ራሳቸውን የቻሉ ሴቶችን ተቀብላለች፤ ብዙዎቹ ፈቶች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ወንዶች 1,305,387፣ ሴቶቹ 1,434,164 ነበሩ። ከ128 ሺህ የሚበልጠውን ልዩነት ያለ ሴቶች ፍልሰት ማስረዳት አይቻልም።

ሌሎች ደግሞ ሄደው ሳይሆን ተጥለው መጡ። ዳሌዋ ሳይጠና የወለደች፣ ምጥ ለቀናት የቆየባት ልጅ ፌስቱላ ይይዛታል፤ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ባል ይሸሻታል፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ካትሪን እና ሬጂናልድ ሃምሊን ለእነዚህ ሴቶች በ1967 ዓ.ም. በወንዝ ዳር የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱላቸው። ከቀደሙት ታካሚዎች አንዷ ማሚቱ ጋሼ በልጅነቷ ተድራ፣ በምጥ ተጎድታ የመጣች ናት። ማንበብና መጻፍ ሳትማር፣ ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ እያየች ቀዶ ጥገናውን ለመደች፤ በኋላም እንደ እሷ የተጎዱትን በገዛ እጇ አከመች፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠነች።

መሄድ የማይቻልበት ጊዜም አለ። ጠላፊ መንገድ ይዘጋል።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎት ነበር፤ በአንቀጽ 558 እስከ ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዳሩ ግን የተጠለፈችው ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀራል። አንቀጽ 599 ይህንኑ መውጫ ለደፋሪም ሰጥቶታል። ስለዚህ ጠላፊ ልጅቷን ደብቆ፣ ደፍሮ፣ ሽማግሌ ልኮ “ታረቁ” ካስባለ ጣጣው ያልቅለታል። “ፈቃዷ” የሚጠየቀው ክብሯ ተነካ ከተባለ፣ ሌላ የሚያገባት የለም ከተባለ በኋላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ መኖሪያውንም የሚመርጠው እሱ እንዲሆን ደንግጎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ገጠር የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊዋን ጠመንጃ አነሣች፤ ሲይዟት ተኮሰችና ሰውዬው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ከአንድ ዓመት በፊት የተቋቋመውና በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤትም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች። በዚህ ታሪክ ላይ የተመሠረተው “ድፍረት” የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ፤ አበራሽም ፊልሙ እሷን ሳያማክር መሠራቱን ተናግራለች። ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ሴት ታሪኳም ያለ ፈቃዷ እንዳይወሰድ መጠየቋ ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተራመደ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በሴቶች አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶች አስቀድመው ተከልክለው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የባልን ራስነት ሻረ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ ቢፈጸምም ጠላፊው ከተጠያቂነት አያመልጥም። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻም ወንጀል ሆኑ። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ፅንሱን ለማቋረጥ የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ እንዲሆን ተደነገገ።

ልማዱ ግን በአዋጅ ቀን አይቆምም። በ2007 ዓ.ም. መባቻ የ16 ዓመቷ ተማሪ ሃና ላላንጎ፣ ከብስራተ ገብርኤል በስተምዕራብ ባለው አየር ጤና አካባቢ ታክሲ ተሳፍራ ተጠለፈች፤ በቡድን ተደፍራ በደረሰባት ጉዳት ሕይወቷ አለፈ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በሐዋሳ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በጸጥታ አባል ተጠልፋ አገር ተቆጣ። በመካከሉ፣ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ማህበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ ለአበራሽ የቆመው ማህበር አቅሙ ተሽመደመደ፤ አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ፈጀ።

ልጅቷ ሳትጠፋ እዚያው አገሯ እንድትቀር የተሞከረም አለ። በይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው “ብርሃነ ሔዋን” የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን አሰባሰበ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ በግ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ለውጡ ጎልቶ ታየ። መርካቶ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው “ብሩህ ተስፋ” ደግሞ ጠፍተው ለመጡት ነበር። ሴት አስተማሪዎች በር እያንኳኩ፣ አሠሪዎችን እየለመኑ፣ ልጆቹ በቀን ጥቂት ሰዓት ወጥተው በቀበሌ አዳራሽ እንዲማሩ አስፈቀዱ።

በር እያንኳኩ መለመን ያስፈለገው ሕጉ የሰው ቤት ሠራተኛን ስለዘለላት ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ እንደ ቀዳሚው ሁሉ፣ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ አውጥቶ በልዩ ደንብ እንዲታይ ተወው፤ አብራ የምታድር ሠራተኛ ስለ መኝታዋና ስለ ዕረፍቷ የምትጠቅሰው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከባል ሸሽታ ደላላ እጅ የገባች ልጅ፣ አሠሪ ቢደርስባት እንደገና መጥፋት ይቀልላታል። ያገባችው ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለባት፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲፈጸም ነው። የሕግ ማሻሻያ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ መነካት ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ “ከጋብቻ ውጭ” የሚለው ሐረግ መሰረዝ፣ የሰው ቤት ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በአዋጁ ሥር መግባት።