የቁጥጥር ፍተሻ እና የይዘት ፍተሻ በኦዲት ሥራ

የቁጥጥር ፍተሻ እና የይዘት ፍተሻ የሂሳብ መግለጫ የሚመረምር ኦዲተር አስተያየቱን የሚደግፍ ማስረጃ የሚያሰባስብባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። የቁጥጥር ፍተሻ የድርጅቱ የውስጥ ቁጥጥር በዓመቱ ውስጥ በተግባር መሥራቱን ያጣራል። ባለሙያዎች ሰብስታንቲቭ ቴስት የሚሉት የይዘት ፍተሻ ደግሞ በመዝገብ የሰፈረው የብር መጠን ራሱ ትክክል መሆኑን ይመረምራል። ሁለቱንም የሚመለከተው ዋናው ድንጋጌ ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 330 ነው። ልዩነታቸው ካልተለየ ኦዲተሩ ፊርማ ስለተሟላ ብቻ ሂሳቡ ትክክል ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ይህ ደግሞ የሂሳብ መግለጫውን አምነው ለሚያበድሩና ለሚያዋጡ ሰዎች አደገኛ ነው።

የቁጥጥር ፍተሻ

የውስጥ ቁጥጥር ስህተትና ማጭበርበር እንዳይፈጠር የሚከላከል፣ ከተፈጠረም በጊዜ እንዲታወቅ የሚያደርግ አሠራር ነው። ክፍያ የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው ሰው የተለያዩ መሆናቸው፣ ቼክ ከመፈረሙ በፊት የንብረት ገቢ ደረሰኝ መያያዙ፣ የባንክ ማስታረቂያ በየወሩ መሠራቱ የተለመዱ ምሳሌዎች ናቸው።

ኦዲተሩ ይህን የሚፈትሸው በአራት መንገድ ነው፦ ሠራተኞችን በመጠየቅ፣ ሥራው ሲሠራ በማየት፣ ሰነድ በመመርመር እና ቁጥጥሩን ራሱ ደግሞ በመሥራት። ጥያቄ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ሠራተኛው «ሁልጊዜ እናመሳክራለን» ቢል፣ መመሳከሩን የሚያሳይ ነገር በሰነዱ ላይ መገኘት አለበት።

የፍተሻው ውጤት በብር አይገለጽም፤ ቁጥጥሩ ምን ያህል ጊዜ እንደተጣሰ በሚያሳይ መቶኛ ይገለጻል። ለምሳሌ ከ60 የክፍያ ማዘዣዎች ውስጥ 6ቱ ሳይጸድቁ ተከፍለው ከተገኙ የጥሰቱ መጠን 10 በመቶ ነው። ኦዲተሩ ሊታገሠው ያቀደው 5 በመቶ ከነበረ፣ የስድስቱ ክፍያዎች መጠን አንድም ስህተት ባይኖርበት እንኳ፣ በቁጥጥሩ ላይ ሊመካ አይችልም።

ኦዲተሩ ይህን ፍተሻ የማድረግ ግዴታ የሚኖርበት በሁለት ሁኔታዎች ነው። አንደኛው የይዘት ፍተሻውን ዓይነት፣ ጊዜና መጠን ሲወስን በቁጥጥሩ ለመመካት ሲያስብ ነው። ሁለተኛው የይዘት ፍተሻ ብቻውን በቂ ማስረጃ ሊሰጥ በማይችልበት ጊዜ ነው። እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ገንዘብ ዝውውር በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ግብይቶች ያለ ወረቀት ስለሚፈጸሙ፣ ሥርዓቱን የሚጠብቁት የኮምፒዩተር ቁጥጥሮች ካልተፈተሹ ግብይቶቹን አንድ በአንድ በመመርመር ብቻ ድምሩን ማመን አይቻልም።

የይዘት ፍተሻ

የይዘት ፍተሻ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የዝርዝር ፍተሻ ነው፤ ሰነድን ከመዝገብ ማመሳከር፣ ደግሞ ማስላት፣ በንብረት ቆጠራ ላይ መገኘት፣ ከባንክና ከደንበኞች የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ መቀበል በዚህ ሥር ይመደባሉ። አቅጣጫውም ዋጋ አለው። ከመዝገብ ተነስቶ ወደ ሰነድ መሄድ የሌለ ነገር እንዳለ ተደርጎ መመዝገቡን ሲያሳይ፣ ከሰነድ ተነስቶ ወደ መዝገብ መሄድ ሳይመዘገብ የቀረውን ያወጣል።

ሁለተኛው የትንተና ፍተሻ ሲሆን፣ ኦዲተሩ መጠኑን ራሱ ገምቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። በኢትዮጵያ አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ የሚያዋጣው የመደበኛ ደመወዙን 11 በመቶ ነው። የዓመቱ ደመወዝ 40 ሚሊዮን ብር ከሆነ የአሠሪው መዋጮ 4.4 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆን አለበት። መዝገቡ 5.1 ሚሊዮን ካለ የ700,000 ብሩ ልዩነት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ማብራሪያውም በሰነድ መደገፍ ይኖርበታል።

አንድ ሰነድ፣ ሁለት ጥያቄ

ልዩነቱ በተሻለ የሚታየው አንድን የክፍያ ሰነድ ይዞ ሲመረመር ነው። አንድ የመንግሥት የልማት ድርጅት 200 ካርቶን ወረቀት በ2,500 ብር ሂሳብ ገዛ እንበል። ዋጋው 500,000 ብር፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 75,000 ብር፣ ጠቅላላው 575,000 ብር ነው። ከክፍያ ማዘዣው ጋር ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግዥ ትእዛዝ፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና የሻጩ ደረሰኝ ተያይዘዋል።

ቁጥጥሩን የሚፈትሽ ኦዲተር ፕሮፎርማዎቹ መወዳደራቸውን፣ ሞዴል 19 ከክፍያው በፊት መቆረጡን፣ አዘጋጁና አጽዳቂው የተለያዩ መሆናቸውን ያያል። ይዘቱን የሚፈትሽ ደግሞ ብዛቱን በዋጋው ያባዛል፣ ታክሱን ያሰላል፣ ወጪው በትክክለኛው የሂሳብ መደብ መያዙን ይመለከታል፣ ሞዴል 19 የተቆረጠበትን ቀንም ያነባል። ዕቃው የገባው ሐምሌ 3 ሆኖ በሰኔ ከተመዘገበ፣ ወጪው ወደማይገባው የበጀት ዓመት ገብቷል።

አሁን ፊርማዎቹ ሁሉ ተሟልተው መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 557,000 ብር ነው እንበል፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። ፊርማውን ብቻ ያየ ኦዲተር ይህን ሰነድ «ተሟልቷል» ብሎ ያልፈዋል። ያሰላው ግን የ18,000 ብር ስህተት ያገኛል። ስህተቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ወደ ቁጥጥሩ ይመለሳል፤ የፈረሙት ሰዎች ሳያመሳክሩ መፈረማቸውን ያመለክታልና። በዚህ ዓይነት አንድን ሰነድ ለሁለቱም ዓላማ መፈተሽ ይፈቀዳል። ነገር ግን ሁለቱ ዓላማዎች ተለይተው መታቀድ፣ ውጤቶቻቸውም ተለይተው መመዘን አለባቸው።

የሁለቱ ግንኙነት

የኦዲት ስጋት፣ ማለትም ኦዲተሩ የተሳሳተ አስተያየት የመስጠቱ ስጋት፣ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የሥራው ተፈጥሯዊ ስጋት፣ የቁጥጥር ስጋት እና ኦዲተሩ ስህተቱን ሳያገኝ የማለፉ ስጋት። ቁጥጥሩ ጠንካራ መሆኑ በፍተሻ ከተረጋገጠ የይዘት ፍተሻው ናሙና ሊያንስ፣ ከፊሉም ዓመቱ ሳያልቅ ሊሠራ ይችላል። ቁጥጥሩ ደካማ ከሆነ ናሙናው ይሰፋል፣ ሥራውም ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይጠጋል።

ይህ መተጋገዝ ወሰን አለው። ቁጥጥሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ መጠናቸው ጉልህ ለሆኑ የግብይት ዓይነቶች፣ የሂሳብ ሚዛኖችና ማብራሪያዎች ሁሉ የይዘት ፍተሻ ማድረግ ግዴታ ነው። ምክንያቱም ቁጥጥር በሰዎች መመሳጠር ወይም በሥራ አመራሩ ጣልቃ ገብነት ሊታለፍ ይችላል። በሌላ በኩል በይዘት ፍተሻ ስህተት አለመገኘቱ ቁጥጥሩ ይሠራል ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ጥንቁቅ ሠራተኛ ያለ ምንም ቁጥጥርም ትክክለኛ ሂሳብ ሊይዝ ይችላልና። ከፍተኛ ስጋት ላለበት ጉዳይ ኦዲተሩ በይዘት ፍተሻ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ትንተና ብቻውን አይበቃም፤ የዝርዝር ፍተሻ መካተት አለበት።

ታሪካዊ ዳራ

የይዘት ፍተሻን አስፈላጊነት ካጎሉት ጉዳዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ የተጋለጠው የማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የመድኃኒት ኩባንያ ማጭበርበር ነው። ፊሊፕ ሙዚካ የተባለ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው ዶናልድ ኮስተር በሚል ሐሰተኛ ስም ኩባንያውን በፕሬዚዳንትነት ይመራ ነበር። ወንድሞቹም ስማቸውን ቀይረው ተባባሪ ሆኑ። ከ87 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረው የኩባንያው ንብረት 19 ሚሊዮን ያህሉ በሐሰተኛ ሰነድ ብቻ ያለ የዕቃ ክምችትና የደንበኞች ዕዳ ሆኖ ተገኘ። የፕራይስ ዋተርሃውስ ኦዲተሮች ሰነዶቹን መርምረው ነበር፤ ነገር ግን ዕቃውን በአካል ማየት ወይም ለባለዕዳዎቹ ደብዳቤ መጻፍ በዘመኑ ግዴታ ስላልነበር አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በቆጠራ ላይ መገኘትንና ከደንበኞች ማረጋገጫ መጠየቅን የተለመደ የኦዲት ሥራ አካል አደረገ።

የቁጥጥር ፍተሻ በበኩሉ ከአሜሪካዎቹ ኩባንያዎች ከኤንሮንና ከወርልድኮም ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ከፍ ያለ ቦታ አገኘ። የሕጉ አንቀጽ 404 የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች ሥራ አመራር የውስጥ ቁጥጥሩን ራሱ እንዲመዝን ያስገድዳል፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ ደግሞ የውጭ ኦዲተሩ በቁጥጥሩ ላይ የተለየ አስተያየት ይሰጣል። በመደበኛው የሂሳብ መግለጫ ኦዲት ግን ኦዲተሩ ቁጥጥሩን የሚፈትሸው በእሱ ለመመካት እንጂ ስለ እሱ አስተያየት ለመስጠት አይደለም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የዘርፉ የሕግ መሠረት የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃዎቹ ሥራ ላይ መዋላቸውን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረው ልዩነት ለአገር ውስጥ የኦዲት ድርጅቶችም የሥራ ግዴታ ነው። በኦዲት ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፍተሻ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ቁጥጥሩ መሥራቱን የሚመልስ ማስረጃ ብሩ ትክክል መሆኑን ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይሆንም።