የእንስሳት ምልክት በኦቶማን ዘመን የውሃ መቅጃዎች



በኢስታንቡል ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ታላቅ በር ፊት ለፊት አንድ ያማረ የሕዝብ የውሃ መቅጃ ቆሟል። ያሠራው ሱልጣን አሕመድ 3ኛ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1728 ዓ.ም. ነው። በአራቱ ጎን ቧንቧ፥ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ለመንገደኛ በጽዋ ውሃ ይታደልበት የነበረ ሰቢል የሚባል መስኮት አለው። በግድግዳው ላይ አበባ፥ በሳሕን የተከመረ ፍሬና ቅኔ ተቀርጾበታል። አንበሳ ወይም ንስር ግን አይታይበትም።

ይህ የሆነው ጠቢብ ጠፍቶ አይደለም። የመቅጃውን ቅኔ የገጠመው ሰይድ ቬህቢ በ1720 ስለ ተደረገው የሱልጣኑ ልጆች የግርዛት በዓል መጽሐፍ ጽፏል፤ ሌቭኒ የተባለው ሠዓሊም በዚያ መጽሐፍ ሰዎችንና ፈረሶችን አሳምሮ ሥሏል። ነገር ግን ውሃ ማጠጣት በእስልምና ታላቅ ምጽዋት ስለ ሆነ፥ መቅጃው እንደ መስጊድ ሁሉ ከሕያዋን ምስል የተለየ እንዲሆን ልማድ ነበር።

ታዲያ እንስሳት ከዚህ ሥራ ፈጽሞ ተረስተዋልን? አልተረሱም። በብዙዎቹ መቅጃዎች ሥር ፈረስና አህያ የሚጠጡበት የድንጋይ ገንዳ ይደረግ ነበር። ለአዕዋፍም ቢሆን በ1761 በተፈጸመው በኡስኩዳር አያዝማ መስጊድ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ የወፍ ቤቶች ተሠርተውላቸዋል።

የቬኒስ ሰዎች ልማድ ግን ሌላ ነበር። አንበሳ የወንጌላዊው ማርቆስ ምልክት በመሆኑ የመንግሥታቸው አርማ ነበር። በቀርጤስ ደሴት በካንዲያ ከተማ የነበረው ገዥያቸው ፍራንቼስኮ ሞሮሲኒ በ1628 ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውሃ ስቦ አራት አንበሶች የተሸከሙትን መቅጃ አቆመ። ኦቶማኖች ከ21 ዓመት ከበባ በኋላ በ1669 ከተማይቱን ያዙ። በላዩ ቆሞ የነበረው የፖሲዶን ሐውልት ዛሬ የለም፤ አራቱ አንበሶች ግን የጠላት አርማ ቢመስሉም ሳይፈርሱ ቀሩ። ሕዝቡም ስፍራውን እስከ ዛሬ በአንበሶቹ ስም ይጠራዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የድንጋዩ አንበሳ የሚነግረን ውሃውን ማን እንዳስመጣው ነው፤ ገንዳው ግን ውሃው ለማን እንደ መጣ ይነግረናል። ለሕዝብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ስሙን በግንባሩ ላይ ከመጻፉ በፊት፥ መለመን የማይችለው ፍጡር የሚጠጣበትን ስፍራ ማሰናዳቱን ቢመረምር መልካም ነው።