ስለ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የዋንጫ ግጥሚያ

የታሪክ ጸሓፊዎች የነገሥታቱን ዘመንና የጦርነቱን ስፍራ በጥንቃቄ ሲመዘግቡ፥ ሕዝብ በአንድነት የተደሰተበትን ቀን ግን ብዙ ጊዜ ለአፍ ወሬ ይተዉታል። የአፍ ወሬም ቁጥሩን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ያየውንም ያላየውንም በአንድ ሜዳ ያውለዋል። ስለዚህ በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ የተረጋገጠውን ለይቶ ማስታወስ ለአንባቢ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ይልቁንም ዋንጫውን የተቀበለው ሰው ማን እንደ ነበረ ብዙዎች ሳያስተውሉት ስለሚያልፉ።

ነገሩ የተጀመረው በካርቱም ነው። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ግብጽ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ግብጻዊው አብደልአዚዝ አብደላህ ሳሌም ሲሆኑ፥ ዋንጫውም በእርሳቸው ስም ተጠራ። በዚያው ወር አራቱ አገሮች እንዲጋጠሙ ተወስኖ ሳለ፥ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን ቡድን አልልክም አለች፤ ሌሎቹም እንዲህ ከሆነ ከእኛ ጋር አትጫወችም አሏት። የኢትዮጵያ ቡድን ሊገጥም የነበረው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለ ነበረ፥ ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜው ደረሰ። በፍጻሜው ግን ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችው፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ ሁለቱ ደግመው ተገናኙ፤ ያን ጊዜም ውጤቱ 4 ለ 0 ሆነ። እንግዲህ ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር በግብጽ ስምንት ጎል ተቆጥሮባት አንድም ሳታገባ ነበር ሦስተኛውን ዋንጫ በአገርዋ ያሰናዳችው።

ሦስተኛው ውድድር የተደረገው በጥምቀት ሰሞን ነው። ኢትዮጵያ ከቱኒዝያ ጋር የገጠመችው ጥር 6 ቀን፥ ግብጽ ከኡጋንዳ ጋር የገጠመችው በከተራ ዕለት፥ የሦስተኛነቱ ግጥሚያ በቃና ዘገሊላ፥ የመጨረሻውም በማግሥቱ እሑድ ጥር 13 ነበረ። (ግብጽ ያን ጊዜ የተባበረች የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ሶርያ ከአንድነቱ ከወጣች ወራት ቢያልፉም ስሙን አልተወችውም። ኡጋንዳም ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች።) የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ በተመለሰ ማግሥት የከተማው ሕዝብ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሲጎርፍ፥ የበዓሉ መንፈስ ገና ከላዩ አልለቀቀም ነበር ብሎ መገመት ከስሕተት አይቆጠርም።

ከቱኒዝያ ጋር የተደረገው ግጥሚያ ለፍጻሜው ምልክት ነበር። ቱኒዝያ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 2 ለ 0 መርታ ነበርና፤ ኢትዮጵያ ግን አራት ጎል አከታትላ 4 ለ 2 አሸነፈች። ተስፋ የቆረጠ ተመልካች በዚያ ቀን ተምሮ ካልሆነ፥ በፍጻሜው እንደ ገና ሳይቸገር አልቀረም። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብጽ አገባ። ግብጽ በዚሁ ብልጫ አርባ ደቂቃ ያህል እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ቆየች፤ ያን ጊዜ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። የሕዝቡ እልልታ ገና ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ያው በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ለአንድ ቡድን ከዚህ የሚከፋ ጊዜ የለም፤ ብዙ ደክሞ ያገኘውን በአንድ ደቂቃ ማጣት ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ልብንም ይሰብራል። በ84ኛው ደቂቃ ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው፤ መደበኛው ጊዜም በዚሁ ተፈጸመ።

በተጨማሪው ጊዜ በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፥ በ118ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ግብጽ ከሁለቱ ግጥሚያዎች በእያንዳንዱ ያገባችውን ያህል በአንድ ቀን ተመለሰላት። ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ለቡድኑ አለቃ፥ በኳስ ሰዎች አነጋገር ለአምበሉ፥ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ።

አሁን አንባቢ በዚህ ስፍራ ጥቂት ይቁም። ሉቺያኖ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከጣልያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው፤ ይኸውም የጣልያን ጦር ወደ ኢትዮጵያ ከመዝመቱ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው በ1932 ዓ.ም. የፋሽስት መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፤ ከጣልያናዊና ከአፍሪካዊት የተወለደ ልጅ ከአገሬው ተወላጅ እንዲቆጠር፥ ጣልያናዊው ወላጅም ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው የሚከለክል ነበር። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ቢሻርም፥ በሁለት ወገን መካከል ለተወለደ ሰው ነገሩ በወረቀት ብቻ አያልቅም፤ ለፈረንጁ ሐበሻ፥ ለሐበሻው ፈረንጅ ሆኖ ያድጋል። ይህ ሰው በአሥመራ ኳስ ተምሮ፥ በኋላም በድሬ ዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን እየተጫወተ፥ የፋሽስት ጦር ለስደት ዳርጓቸው ከነበሩት ንጉሥ እጅ የአፍሪካን ዋንጫ ተቀበለ። ብልጫ ያስገኘውን ጎል ያገባውም ወንድሙ ስሙ ኢታሎ፥ ማለት ጣልያናዊ፥ መሆኑን ሳስበው አንዳንድ ጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

አንዳንዶች ይህን ድል ሲተርኩ የአምበሉን ትውልድ ሳያነሡ ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ከዚህ ተነሥተው ድሉ የእኛ አልነበረም ለማለት ይደፍራሉ። ሁለቱም በእኔ አሳብ ካርቱምን ረስተዋል። ያ ማኅበር በልደቱ ዓመት አንዲትን አገር ከውድድር ያስወጣው ተጫዋቾችዋን በቆዳ ቀለም ለይታ ላምጣ ስላለች ነው፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዋንጫውን ከፍ ያደረገው ደግሞ የቅኝ ገዥው ሕግ ከሁለቱም ወገን ሊያወጣው የሞከረ ሰው ሆነ። ቡድኑን ያዘጋጁት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ይህን ክር አልለቀቁትም። እርሳቸው በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ የአፍሪካን ማኅበር በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከዓለሙ የኳስ ማኅበር እንድትወገድ ከተከራከሩትም ግንባር ቀደሙ ነበሩ።

የአሥመራ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ግጥሚያው በተደረገበት ቀን ኤርትራ በፌዴሬሽን ነበረች፤ ከዐሥር ወር በኋላ፥ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፥ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነትም የተካሄደው በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ሁለቱም አገሮች በዚያ ቀን የሚካፈሉት አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳይነጥቅ ቢናገር እውነቱ አይጎድልም። ሉቺያኖ ራሱ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አገሩን ትቶ ወደ ጣልያን ተሰደደ፤ በዚያው ኖሮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ቀድሞት ዐርፎ ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን ደግማ አላገኘችም፤ ከ1974 ዓ.ም. እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስማ ለውድድሩም አልደረሰችም። ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ያ የሳሌም ዋንጫ፥ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ለዘለቄታው እንዲወስደው በተደነገገው መሠረት፥ በ1970 ዓ.ም. የጋና ንብረት ሆነ።